ሹፌሩ የወደቀባት ቅዳሜ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር የሚያስቸግርሽ ጉልበት ተሻለው ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አማትሽ እንዴት ናቸው? የትንሿ ልጅሽ የፊት ጥርስ በቀለ? እኛ ደህና ነን እንዳልልሽ የሰማሽውን ሰምተሻል። ደህና አይደለንም እንዳልልሽ ደግሞ አባባ ይኸው አጠገቤ ሦስት ትራስ ተደግፎ፣ ሾርባው ጨው አንሶታል እያለ ይጨቀጭቀኛል። ስለዚህ የሰላምታዬን ፍሬ በአጭሩ ልስጥሽ፤ አባባ በሕይወት አለ። ይህን ይዘሽ ቁጭ በይ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የላክሽው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል፤ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «እጅሽ ይቆረጥ! በዚህ ዕድሜው አባትሽን ደብድበሽ አጥንቱን ትሰብሪያለሽ?» ስትዪ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ። አልፈርድብሽም። አክስታችን ምን ብላ እንደነገረችሽ አላጣሁትም። እሷ ወሬ ስታቀብል እንደ ችኩል ልብስ አጣቢ ናት፤ እድፉን ትታ ቀለሙን ታስለቅቀዋለች። ደግሞ ዋሸች አልልም። ሁለት የጎድን አጥንቱን ሰብሬያለሁ። በእነዚህ በሁለት እጆቼ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሃያ ሰው ቆሞ እያየ። ግን እታለም፣ ጥፋቴ እሱ አይደለም። ጥፋቴ አክስታችን የማታውቀው፣ አባባም እስከ ዛሬ ያልሰማው ሌላ ነው። በስልክ ብጀምረው ወይ እኔ አለቅሳለሁ ወይ መስመሩ ይቆረጣል። ለዚህ ነው እንደ ድሮው ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሳሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የምሠራበት ፍራሽ መስፊያ ቤት ከአሮጌው የአውቶቡስ ጋራዥ ጋር አጥር እንደሚጋራ ታውቂያለሽ። ዝናቡ እንዳባራ አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ወደ ጋራዡ መጣችና ሠራተኛውንም ጎረቤቱንም በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ የአደጋ ጊዜ ሕክምና ላስተምራችሁ አለች። አዳራሽ የለ፣ ወንበር የለ፣ መሣሪያ የለ። «አደጋ አዳራሽ ተከራይቶ አይመጣም፤ ሜዳ ላይ የሚደርሰውን ሜዳ ላይ ነው መማር» ብላ ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ሸራ አነጠፈች። አንገቷ ላይ ፊሽካ ስለማይለያት ስሟን ትተን ፊሽካ እንላታለን። እሷም ስትጠራ ወይ ትላለች፤ አቤት የምትለው ለታካሚ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ፊሽካ ወደ ፍራሽ ቤታችን ብቅ ብላ «የስፖንጅ ቁርጥራጭ ስጡኝ፣ ሰው ልሠራበት ነው» ስትል አለቃዬ መርፌውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔ ግን ታውቂኝ የለ፣ እንዲህ ያለ እብደት ከመጣ ቀድሜ ነው የምሰለፈው። መጀመሪያ ቁስል ሠራሁላት። ወፍራም ስፖንጅ በቢላ ሰነጠቅሁ፣ ከሥሩ የግሉኮስ ቱቦ አስገባሁ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ቀይ ቀለም ከተበጠበጠበት ጠርሙስ ጋር አገናኘሁ። ጠርሙሱን አንዱ ሲጨምቀው ስንጥቁ ደም ይተፋል። ተማሪው ስንጥቁ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ በሙሉ ክብደቱ ካልተጫነው ደሙ ፊቱ ላይ ነው። ቀጥለን ለታነቀ ሰው ጉሮሮ ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከቡሽ አበጀን፤ ሆዱን በወጉ ከገፋሽው ቡሹ ተፈናጥሮ ይወጣል። የመጀመሪያው ቡሽ የጋራዡን ዘበኛ ግንባሩን አገኘው። ሰውየው «የታነቀውስ ተረፈ፣ እኔን ማን ያትርፈኝ?» እያለ ሳምንቱን ሙሉ እብጠቱን ላላየው ሁሉ ሲያሳይ ከረመ።

ከሁሉ የኮራሁበት ግን ሙሉ ሰው ነው። ልቡ ቀጥ ያለበት ሰው ደረቱ እንዴት እንደሚጫን የምንማርበት ማለቴ ነው። እግሩን አሮጌ ሱሪ ውስጥ ስፖንጅ ጠቅጥቄ ሠራሁ፣ ጭንቅላቱን ከተነፈሰ ኳስ፣ ደረቱን ከሁለት የፍራሽ ስፖንጅ፤ በመሃላቸው ባዶ የውኃ ጠርሙስ አጋደምሁ። ጠርሙሱ የፊሽካ ዘዴ ነው። በደንብ አጥልቀሽ ስትጫኚ «ቋ» ይላል። ካላለ ፊሽካ ከበላይሽ ቆማ «ይሄ ሰውዬ እየሞተ ነው፣ አንቺ ትዳብሺዋለሽ! ቋ አስብዪው!» ትላለች። ሰላሳ ጊዜ ቋ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ እንደገና ሰላሳ ጊዜ ቋ። ግቢው በቅዳሜ ቅዳሜ የጠርሙስ ፋብሪካ ይመስል ነበር ብልሽ አታምኚኝም።

አሁን ወደ ጉዱ እየቀረብን ነው። ያ ሰው ራቁቱን ሊሆን አይችልም አይደል? ቤት ገባሁና የአባባን ሻንጣ ከፈትኩ። ትዝ ይልሻል፣ ያ ሰማያዊ የሹፌርነት ኮቱ፣ የብረት ቁልፍ ያለው፣ ሰላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳበት። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከሻንጣ ወጥቶ አያውቅም። «ብል ከሚበላው ሰው ያድን» አልኩና ሳልነግረው ወሰድኩት። ማስፈቀድ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ብጠይቀው እምቢ እንደሚል ስለማውቅ ነው ያልጠየቅሁት፤ ይህም ያው ሌብነት ነው። ኮቱን ስናለብሰው አሻንጉሊቱ ወዲያው ስም ወጣለት፣ ሹፌሩ ተባለ። «ሹፌሩን አውጡት»፣ «ዛሬ ሹፌሩን ማን ያስነሳዋል?»፣ «ቀስ በሉ፣ የሹፌሩ እግር ተቀደደ» የግቢው ወሬ ሁሉ እሱ ሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይልኝ፣ ያለዚህ የሆነው አይገባሽም። ፊሽካ በየቅዳሜው ድንገቴ የምትለው ፈተና አላት። ከመሃላችን አንዱን በሚስጥር ትመርጥና ባላሰብነው ሰዓት ዘጭ ብሎ እንዲወድቅ ታደርገዋለች። ማን ቀድሞ ይደርሳል፣ ማን ደርቆ ይቀራል፣ ማን ይጮኻል የሚለውን ታያለች። አንድ ቀን የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ ወደቀች፣ አንድ ቀን አለቃዬ፣ ሌላ ቀን እኔ ራሴ። መጀመሪያ አካባቢ እንደነግጥ ነበር። በኋላ ግን እየለመድነው መጣን፤ ሰው ሲወድቅ ሮጠን ከመድረሳችን በፊት አወዳደቁን ማድነቅ ጀመርን። «የአንቺ ይሻላል፣ የእሱ እንደ ጆንያ ነው» እንባባል ነበር። ያለፈው ሳምንት ሳንለያይ ፊሽካ «የመጪው ቅዳሜ ድንገቴ እስከ ዛሬ ካያችሁት ሁሉ የበለጠ ይሆናል፤ ካወቃችሁብኝ ጉድ እላለሁ» ብላ ፎከረችብን። ሁላችንም በልባችን አንታለልም ብለን መጣን።

በዚያች ቅዳሜ አባባ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዷል። ፀጉር ቆራጩ ለጨዋታ ያህል «ጋራዡ ግቢ ሹፌሩ ባለፈው ሳምንት ስድስት ጊዜ ሞቶ ስድስት ጊዜ ተነሳ አሉ» ይለዋል። አባባ «የትኛው ሹፌር?» ይላል። «ሰማያዊ ኮት የለበሰው፣ ልጅዎ የሠራችው» ይለዋል። ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ግማሹን ትቶ፣ ጨርቁን ከአንገቱ ገንጥሎ ወጣ። ቤት ሄዶ ሻንጣውን ከፈተ። ኮት የለም። ከዚያ ያንን ዳገት፣ ሐኪም ቀስ በል ያለው ሰውዬ፣ በሩጫ ወጣው።

ግቢው በር ላይ ሲደርስ እኔ ከሴቶቹ ጋር ፋሻ እጠቀልላለሁ። ፊሽካ ከጋራዡ ጀርባ ካለው ቧንቧ የደም ጠርሙሶቹን ውኃ ልትሞላ ሄዳለች። የጋራዡ ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው፣ ሹፌሩ ላይ ተንበርክኮ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁጠር መጀመሩ ነው። አባባ ኮቱን ሸራ ላይ ተዘርሮ፣ ጎሚስታውን ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ አየ። እጁን ዘርግቶ «ኮቴን!» ብሎ ጮኸ። ሁለት እርምጃ ተራመደ፣ ቆመ፣ እንደ ገረመው ሰው ዙሪያውን አየ። ከዚያ በግንባሩ ተደፋ።

እታለም፣ አሁን የምጽፈውን ለማንም አልተናገርኩትም። እኛ ሳቅን። ሃያው ሰው በሙሉ ሳቀ። «ወይ ፊሽካ! የሹፌሩን ባለቤት አምጥታ ጣለችብን!» አሉ። አወዳደቁን አደነቁ። ግማሽ የተቆረጠ ፀጉሩን አይተው «ለመምሰል ብሎ ፀጉሩን እንኳ አበላሸ» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔስ? እኔ ፋሻውን ጥዬ አጨበጨብኩ። ልጁ እኔ! ጮክ ብዬ «አባባ፣ ዛሬስ ተዋናይ ወጣህ! ስለ ኮቱ ይቅር ብለኸኛል ማለት ነው!» አልኩ። ስለ ኮቱ ይቆጣኛል ብዬ ስፈራ፣ ፊሽካ ቀድማ አግባብታው ከእኛ ጋር አብሮ እየተጫወተ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሳቅሁ በልክ አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱም ጎሚስታው አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ምንም አላየም፣ ቆጠራውን አላቋረጠም። ከሁለት ተነስቶ ሰላሳ ደረሰ። ሰላሳ እስኪል ድረስ አባቴ መሬት ላይ ነበር፣ እኔም እስቅ ነበር።

ሰላሳ ሲል ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ ዘበኛው ወጣ። ፊቱ በርበሬ መስሎ «ኧረ ይሄ ምን ነገር ነው! የዛሬው ወዳቂ እኮ እኔ ነኝ! ሳምንት ሙሉ ተለማምጄ ተራዬን ይወስዱብኛል?» አለ።

ሳቁ ተቆረጠ። ዓይኔ የአባባን መነጽር ፈለገ። አባባን ታውቂዋለሽ፤ ቤት ቢቃጠል መነጽሩን ይዞ ነው የሚወጣ። ሲተኛ እንኳ ሦስት ጊዜ ጠርጎ ማኅደሩ ውስጥ ካላስገባ እንቅልፍ አይወስደውም። መነጽሩ በጉንጩ ሥር ተጨፍልቆ፣ አንዱ መስታወት ተሰንጥቆ ነበር። እጁ አጠገቡ ሆኖ አላነሳውም። ያኔ ክው አልኩ። እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም፤ ጫማዬን አንዱን በኋላ ዘበኛው ከፋሻው ጋር ተጠቅልሎ ነው ያገኘው።

ገለበጥነው። ጠራሁት፣ ትከሻውን መታሁት፣ ጆሮዬን አፍንጫው ላይ ደፋሁ። ትንፋሽ የለም። አንድ ሁለቴ እንደ ዓሣ አፉን ከፈተ፤ ፊሽካ «ይሄ ትንፋሽ አይደለም፣ እንዳያታልላችሁ» ያለችን እሱ ነበር። ጎሚስታው አምቡላንስ ጥሩ ብሎ ሲጮኽ ይሰማኛል። እጆቼ ግን እኔን አልጠበቁም፤ ራሳቸው ሄደው ደረቱ መሃል ተቀመጡ። ሸሚዙን እንዳየሁ ትዝ ይለኛል፣ ያ አንቺ የላክሽለት ባለመስመሩ ነው። ተጫንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቋ አላለም።

አየሽ እታለም፣ ሞኝነቴን አየሽልኝ? ሰው ደረት ውስጥ ጠርሙስ እንደሌለ ማን ያጣዋል! ግን ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ጆሮዬ የተማረው ቋ የሚለውን ነው። ቋ ካላለ ሰውየው እየሞተ ነው። ስለዚህ ጨመርኩ። ክርኔን አቃንቼ፣ ትከሻዬን ከላይ አምጥቼ፣ እንደ ፍራሽ መጭመቂያ በሙሉ ክብደቴ ወረድኩ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ቋ አለ።

ደስ አለኝ። ይህን ለማንም እንዳትነግሪብኝ፤ እጄ ደስ አለው። «አሁን ልቡ ደረስኩ» አልኩ። ሁለተኛው ቋ ሲል ነው ምን እንደሰማሁ የገባኝ። ከእጄ ሥር የተሰበረው ጠርሙስ አይደለም። እጄን ላነሳ ስል ከኋላዬ ፊሽካ ደረሰች። ጠርሙሶቹ ከእጇ ወድቀው ቀዩ ውኃ በእግራችን መሃል ይፈሳል። ፊሽካዋን አልነፋችም፣ አልጮኸችም። ጆሮዬ ሥር ተንበርክካ «አጥንት ይጠገናል፣ አታቁሚ። ሰባት በይ» አለችኝ። ሰባት አልኩ።

ፊሽካ ትንፋሽ መስጠቱን ያዘች፣ እኔና ጎሚስታው ደረቱን ተቀባበልን። እሱ ሲደክመው እኔ፣ እኔ ሲደክመኝ እሱ። ከሃያው ሰው አሁን ማንም የሚስቅ የለም፤ ሁሉም አብረውን ይቆጥራሉ። ትኬት ቆራጯ እያለቀሰች ትቆጥራለች፣ ዘበኛው በሩን በርግዶ መንገዱ መሃል ቆሞ መኪና ሁሉ እያስቆመ አምቡላንሱን ያሳልፋል። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ አሉ። ለእኔ ዕድሜዬን ነው የፈጀው። የአምቡላንሱ ሰዎች ሸሚዙን ቀደው ሁለት ነገር ደረቱ ላይ ለጠፉ፣ «ማንም አይንካው» አሉ፣ ሰውነቱ ዘለለ። ሁለተኛ ዘለለ። ከዚያ አንደኛው ሰውዬ አንገቱን ዳሰሰና «አለ» አለ። «አለ» ብቻ። ከዚህ ቃል የሚበልጥ ቃል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

አክስታችን ሆስፒታል የደረሰችው ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ሲያስረዳኝ ነው። «ሁለት የጎድን አጥንት ተሰብሯል» ሲል ሰማችና «ማን ነው የሰበረው? ስሙን ንገሩኝ!» ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ሐኪሙ ልበ ደግ ነው፣ በአድናቆት ወደ እኔ ጠቁሞ «እሷ ናት!» አላት። የቀረውን ሳትሰማ ጭንቅላቷን ይዛ ወጣች፣ ደወለች። አንቺ ጋ የደረሰው እሱ ነው። በኋላ ፊሽካ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻት፤ «ሙሉ አጥንት ይዞ ከሚቀበር፣ ሁለት ተሰብሮበት ቢቆጣ አይሻልም?» አለቻት። አክስታችን ትንሽ አሰበችና «እሱስ ቁጣው ድሮም ነበረበት» አለች። ለአንቺ ግን መልሳ አልደወለችም፤ ወሬን ማረም እሷ ዘንድ የለም።

ፊሽካም ቀላል አልሆነላትም። «ሰው ሲወድቅ እንድትስቁ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ» ብላ አንድ ሳምንት ግቢውን አልረገጠችም። ጎሚስታውና እኔ ቤቷ ሄደን ነው ያመጣናት። አሁን ለድንገቴ የሚወድቅ ሰው በክንዱ ቢጫ ጨርቅ ያስራል። ቢጫ ካላየሽ እውነት ነው፤ ትሮጫለሽ። እኔ ግን እስካሁን ከድንጋጤው አልወጣሁም። ትናንት ባለቤቴ ውኃ ጠጥቶ ባዶውን ጠርሙስ ሲጨብጠው ቋ አለ፤ የያዝኩትን ሳህን ወለሉ ላይ ለቀቅሁት። ልጄ «እማዬ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ጎንበስ ብዬ ስባሪውን መልቀም ጀመርኩ። የጭብጨባዬ ድምፅ ነው የሚከተለኝ። ሁሉም ሰው «አባትሽን አዳንሽ» እያለ እጄን ይስመኛል፤ እኔ ደግሞ የትኛውን እጅ እንደሚስሙ አውቃለሁ። አባባ ቢያውቅ ምን ይለኛል? ላልነግረው ነበር። ለአንቺ ብቻ ጽፌ ላወጣው ነበር።

እዚህ ላይ ደርሼ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ነበር። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው በማግስቱ ነው።

አባባ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ስጽፍ ለካ ነቅቷል። «ለእታለም ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አንብቢልኝ፣ መነጽሬ ገና ተሠርቶ አልመጣም» አለ። እምቢ ልበለው? አነበብኩለት። ስለ ሾርባው የጻፍኩት ላይ «ጨው አንሶታል እኮ፣ ምን ታሳጪኛለሽ» አለ። ስለ ዘበኛው ግንባር ሲሰማ ሳቀና ጎኑን ያዘ፤ ሲስቅ ያመዋል። ኮቱን ሳልነግረው መውሰዴ ላይ ስንደርስ «ሌብነት ብለሻል፣ ጥሩ ነው፣ አትሰርዢው» አለ። ከዚያ «በግንባሩ ተደፋ» የሚለው ጋ ደረስኩ። ዓይኔ አንቀጹን ዘለለና «ሰላሳ ሲል ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ ዘበኛው ወጣ» ብዬ ቀጠልኩ።

አባባ እጁን አነሳ። «ማርሽ ዘለልሽ» አለኝ። አይ አልዘለልኩም አልኩት። «ሰላሳ አንድ ዓመት ነድቼ ሞተር ሲጮኽ አጣዋለሁ? ድምፅሽ ተቀይሯል። ወደ ኋላ መልሺና አንብቢ» አለ።

መለስኩና አነበብኩት። ጭብጨባውን፣ ተዋናይ ወጣህ ያልኩትን፣ ከሁለት እስከ ሰላሳ የሳቅሁትን፣ አንዷን ቃል ሳልዘል። ስጨርስ ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም። አባባ «ኮቱን አምጪው» አለኝ። ከሹፌሩ ላይ አውልቀን ለእሱ መልሰንለታል፤ ወንበሩ ላይ ነበር። ጭኑ ላይ ዘረጋውና ያለ መነጽሩ በጣቱ ይዳስሰው ጀመር። ደረቱ መሃል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቁልፍ መካከል፣ የስምንት ቅዳሜ መዳፍ ጨርቁን አሳስቶ አንጸባራቂ አድርጎታል። እዚያ ላይ ጣቱ ቆመ። ሌላውን እጁን የራሱ ደረት ላይ፣ ፋሻው ላይ፣ እዚያው ቦታ አሳረፈው። «እዚህ ነው የተጫንሽኝ?» አለ። አዎ አልኩት።

«ሰላሳ እስኪቆጠር ነው የሳቅሽው?» አለኝ። አዎ አባባ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። እታለም፣ ምን አለኝ መሰለሽ? «አንቺ ልጅ፣ ጫማዋ ተበጥሶ እየሮጠች ለምትመጣ ለማላውቃት ተሳፋሪ ከሰላሳ ቁጥር በላይ በር ከፍቼ ቆሜያለሁ። ለልጄ አልቆምም? እስክትደርሺ ጠበቅሁሽ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለቀስኩትን ልጻፍልሽ ብል ወረቀቱ አይበቃም። እሱ ግን ወዲያው ወደ ቁጣው ተመለሰ፤ ኮቱን ለሹፌሩ መልሺለት፣ ደረቱ የሳሳ ኮት እኔ አልለብስም፣ ግን ቁልፎቹን በሳምንት አንድ ቀን የሚወለውል ሰው ይመደብ ብሎኛል። ፀጉር ቆራጩም ትናንት ቤት ድረስ መጥቶ የቀረውን ግማሽ ፀጉር ቆርጦለት ሄደ። አባባ «ያንተ ወሬ ሊገድለኝ ነበር፣ መቀስህ ደግሞ ሊጨርሰኝ ነው» እያለ አንገቱን አቀርቅሮ ተቆረጠ።

እንግዲህ እታለም፣ እጄ ይቆረጥ ያልሽውን ለጊዜው ይቆይልኝ፤ ቅዳሜ ያስፈልገኛል። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ ኮቱን ሳይነግሩት እንዳይወስዱበት ንገሪው። ለትልቁ ልጅሽ፣ ለመካከለኛው፣ ጥርሷ ለሚበቅለው ለትንሿ ከአክስታቸው ሰላምታ ስጪልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ስታነቢላቸው ቋ የሚለውን ቦታ እንዳትዘዪባቸው። ለአማትሽ ጉልበታቸውን ስሚልኝ። ባለቤቴና ልጄ ሰላም ብለውሻል። አክስታችን «እኔ ያልኩት እኮ ሰበረች ነው፣ ደበደበች አላልኩም» ብላ ሰላምታዋን ልካለች፤ ተቀበያት፣ ሌላ አማራጭ የለንም። አባባ ደግሞ ራሱ ይህንን ጻፊ ብሎኛል፤ ስትመጪ እንዳታቅፊው፣ ወይም ካቀፍሽው በግራ በኩል አይሁን።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከአባባ አልጋ ግርጌ፣ መስኮቱ ወለል ካለበት ክፍል
እሑድ ከሰዓት ተጀምሮ ሰኞ ጠዋት ያለቀ፣ ኅዳር 17 ቀን